ከካርታው ነጥብ በስተጀርባ፦ የኬኤምኤል ፋይል ተጨማሪ መረጃን በጃቫስክሪፕት ማንበብ

መግቢያ

በወረቀት ካርታ ላይ የምትታይ አንዲት ነጥብ «እዚህ ቦታ አንድ ነገር አለ» ከማለት ያለፈ ብዙ ልትነግረን አትችልም። በኮምፒውተር የሚሠራ ካርታ ግን ከእያንዳንዱ ነጥብ በስተጀርባ ብዙ መረጃ ሊይዝ ይችላል። ነጥቡ የውኃ ጉድጓድ ቢሆን፣ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የተቆፈረበት ዓመት፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና የላቦራቶሪው ውጤት ሁሉ አብረውት ሊመዘገቡ ይችላሉ። ይህ መረጃ በፋይሉ ውስጥ መኖሩ ብቻ ግን በቂ አይደለም። ፕሮግራማችን ፈልጎ ሊያገኘው፣ በትክክል ሊያነበውና ለተመልካች በትክክል ሊያሳየው ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ኬኤምኤል በተባለው የካርታ ፋይል ውስጥ የሚቀመጠውን ተጨማሪ መረጃ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ እንዴት እንደምናነብ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምናስረዳው በአንድ ምሳሌ፣ ይኸውም በውኃ ጉድጓዶች ካርታ ነው። አንባቢው የድረ ገጽ አሠራርን መሠረታዊ ነገሮችና የማንኛውንም የፕሮግራም ቋንቋ ጅማሬ የሚያውቅ ቢሆን ይበቃዋል።

ይህን ምሳሌ የመረጥነው ያለምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋዮች የሚሟሟ ፍሎራይድ በከፍተኛ መጠን ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የመመሪያ መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያለበትን ውኃ ለረጅም ዓመታት መጠጣት፣ በተለይም በልጅነት ዕድሜ ሲሆን፣ ጥርስን ያበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ከፍ ሲል ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። ፍሎራይድ በዓይን አይታይም፤ ውኃውን ማፍላትም አያስወግደውም። ስለዚህ አንዱን ጉድጓድ ከሌላው የሚለየው የተለካው ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር በፕሮግራም ስሕተት ከተዛባ፣ ጎጂው ጉድጓድ በካርታው ላይ ደኅና መስሎ ይታያል። ጽሑፋችን በዋናነት የሚያተኩረውም በዚህ አደጋ ላይ ነው።

ኬኤምኤል ምንድን ነው?

ኬኤምኤል የሚለው አሕጽሮት የመጣው «ኪሆል ማርክአፕ ላንጉዌጅ» ከሚለው ስያሜ ነው። ኪሆል፣ ማለትም «የቁልፍ ቀዳዳ»፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተቋቋመ ኩባንያ ነበር። ስሙን የወሰደው በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ምድርን ከሕዋ ፎቶግራፍ ያነሡ ከነበሩት የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች መጠሪያ ነው። ጉግል ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2004 ከገዛ በኋላ ምርቱን አሻሽሎ በ2005 ጉግል ኧርዝ በሚል ስም አቀረበው። ኬኤምኤልም የዚህ ፕሮግራም የፋይል ዓይነት በመሆን በመላው ዓለም ተሠራጨ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ኦፕን ጂኦስፔሻል ኮንሰርሺየም የተባለው የደረጃዎች ማኅበር የኬኤምኤልን 2.2 እትም ዓለም አቀፍ ደረጃ አድርጎ ተቀበለው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቅርጹ የአንድ ኩባንያ ንብረት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ማንም ሊያነበውና ሊጽፈው የሚችል የጋራ መገልገያ ሆኗል።

ኬኤምኤል የኤክስኤምኤል ቤተሰብ አባል ነው። ኤክስኤምኤል መረጃን በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክቶች መካከል እያስቀመጠ አንዱን ክፍል በሌላው ውስጥ የሚከት የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ኤለመንት ይባላል፤ በመክፈቻው ምልክት ውስጥ የሚጻፈው ቅጽል መረጃ ደግሞ አትሪቢዩት ይባላል። ካርታ ላይ የሚታይ አንድ ቦታ «ፕሌስማርክ» በተባለ ኤለመንት ይወከላል። የምሳሌያችን አንድ ጉድጓድ ቀጥሎ ያለውን ይመስላል። እነዚህ ቃላት በኮምፒውተር ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ናቸው፤ እዚህ ግን እንደ አነባበባቸው አስፍረናቸዋል።

<ፕሌስማርክ>
  <ኔም>ጉድጓድ ሀ</ኔም>
  <ኤክስቴንድድዳታ>
    <ዳታ ኔም="ጥልቀት">
      <ቫልዩ>120</ቫልዩ>
    </ዳታ>
    <ዳታ ኔም="ፍሎራይድ">
      <ቫልዩ>2.4</ቫልዩ>
    </ዳታ>
  </ኤክስቴንድድዳታ>
  <ፖይንት>
    <ኮኦርዲኔትስ>38.72,7.93,1640</ኮኦርዲኔትስ>
  </ፖይንት>
</ፕሌስማርክ>

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርባቸው የጉድጓድ ቁጥሮች ለትምህርት ያህል የተዘጋጁ እንጂ በመስክ የተለኩ አይደሉም። ቦታው ግን በባቱ (ዝዋይ) ከተማ አካባቢ ነው። በመጨረሻው ክፍል የተጻፉት ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ኬንትሮስን፣ ኬክሮስንና ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ በሜትር ያመለክታሉ። ኬንትሮስ መቅደሙን ልብ ይሏል። ብዙ ሰው በንግግር ኬክሮስን ማስቀደም ስለለመደ ሁለቱን አዘዋውሮ ያነባል። ባቱ የሚገኘውን ጉድጓዳችንን አዘዋውረን ብናነበው ነጥቡ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ምዕራብ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያርፋል።

ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍባቸው ሦስት መንገዶች

የኬኤምኤል ደረጃ ለሁሉም ፋይሎች የሚያገለግሉ ጥቂት የታወቁ ክፍሎች አሉት፤ ስም፣ መግለጫ፣ ቅርጽና ቀለም የመሳሰሉት ናቸው። ስለ ፍሎራይድ ወይም ስለ ጉድጓድ ጥልቀት ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ስለሆነም የፋይሉ አዘጋጅ የራሱን መረጃ የሚያስቀምጥበት «ኤክስቴንድድ ዳታ» የተባለ ቦታ ተዘጋጅቶለታል። መረጃው በዚህ ቦታ በሦስት መንገዶች ሊጻፍ ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ ከላይ ያየነው ነው። እያንዳንዱ መረጃ በአንድ «ዳታ» ኤለመንት ይቀመጣል፤ ስያሜው በአትሪቢዩቱ፣ ይዘቱ ደግሞ በውስጡ ባለው «ቫልዩ» ይጻፋል። ይህ ቀላልና የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ይዘቱ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ የሚገልጽ ምልክት የለውም።

ሁለተኛው መንገድ «ስኪማ»ን የሚጠቀም ነው። በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የመረጃዎቹ ዝርዝር አንድ ጊዜ ይታወጃል፤ «ጥልቀት ሙሉ ቁጥር ነው፤ ፍሎራይድ የአሥርዮሽ ቁጥር ነው» እንደማለት ነው። ከዚያም በእያንዳንዱ ፕሌስማርክ ውስጥ «ስኪማ ዳታ» እና «ሲምፕል ዳታ» በተባሉት ኤለመንቶች ይዘቱ ይጻፋል። ከጂአይኤስ ሶፍትዌሮች የሚወጡ ፋይሎች ብዙውን ጊዜ ይህን መንገድ ይከተላሉ።

ሦስተኛው መንገድ ከኬኤምኤል ውጭ የሆነ የኤክስኤምኤል ሥርዓት ያላቸውን ኤለመንቶች እንዳሉ ማስገባት ነው። ይህ በጥቂት የሙያ ዘርፎች እንጂ በብዛት አያጋጥምም።

ጥሩ ፕሮግራም ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መንገዶች ማንበብ ይኖርበታል። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም በሌላው መንገድ የተጻፈ ፋይል ሲሰጠው ምንም ስሕተት ሳያሳይ ባዶ ውጤት ይዞ ይመጣል።

ለምን ራሳችን እናነባለን?

«ኬኤምኤልን በድረ ገጽ ካርታ ላይ የሚያሳዩ ዝግጁ መሣሪያዎች እያሉ ለምን እንደክማለን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በመሣሪያው ዓይነት ይወሰናል።

አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ፋይሉን የሚያነቡት በተጠቃሚው ብራውዘር ውስጥ ሳይሆን በካርታው አቅራቢ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ነጥቦቹን ሥሎ ይልካል፤ ተጠቃሚው ነጥቡን ሲጫን ስሙንና መግለጫውን ያሳያል። ጉግል ማፕስ ለጃቫስክሪፕት ፕሮግራመሮች ያቀረበው «ኬኤምኤል ሌየር» የዚህ ዓይነት ነው። ነጥቡ ሲጫን ለፕሮግራማችን የሚደርሰው ስም፣ መግለጫና የመሳሰለው እንጂ እኛ የጨመርናቸው ቁጥሮች በየስያሜያቸው ተለይተው አይደለም። ሥዕሉ ይታያል፤ መረጃው ግን ሰርቨሩ ላይ ይቀራል።

ሌሎቹ፣ ለምሳሌ ኦፕንሌየርስ የተባለው የጃቫስክሪፕት ስብስብ፣ ፋይሉን በብራውዘሩ ውስጥ ስለሚያነቡ ተጨማሪ መረጃውንም ያስረክባሉ። እነዚህም ቢሆኑ የሚሰጡን የተጻፈውን ፊደል እንጂ የተረጋገጠ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ የውስጡን አሠራር ማወቅ በመሣሪያ ለሚጠቀመውም አስፈላጊ ነው።

ከዚህ ሌላ የመሣሪያዎች ዕድሜ ከፋይሎች ዕድሜ ያጠረ መሆኑን ታሪክ ያስተምረናል። ጉግል ኧርዝን በድረ ገጽ ውስጥ ያሳይ የነበረው ፕለጊን እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በ2017 አገልግሎቱ ተቋርጧል። በእሱ ላይ የተመሠረቱ ድረ ገጾች ካርታቸው ጠፋ፤ የኬኤምኤል ፋይሎቹ ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

የማንበቡ ሥራ በአምስት ደረጃዎች

ደረጃ 1፦ ፋይሉን ማምጣት። በዘመናዊ ብራውዘሮች ይህን የሚሠራው «ፌች» የተባለው ትእዛዝ ነው። ፌች ፋይሉን ከሰርቨር አምጥቶ እንደ ጽሑፍ ያስረክበናል። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሰርቨሩ «ፋይሉ የለም» ብሎ በቁጥር 404 ቢመልስ ፌች ይህን እንደ ውድቀት አይቆጥረውም፤ ስለዚህ የመልሱን «ኦኬ» ምልክት ራሳችን ማረጋገጥ አለብን። ሁለተኛ፣ ብራውዘሩ ለደኅንነት ሲል ከሌላ ድረ ገጽ የሚመጣን ፋይል፣ ባለቤቱ ሰርቨር ካልፈቀደ በስተቀር፣ ፕሮግራማችን እንዲያነበው አይፈቅድም። ከራሳችን ኮምፒውተር ላይ ገጹን በቀጥታ ከፍተን ስንሞክርም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ክልከላ ያጋጥመናል፤ መፍትሔው በኮምፒውተራችን ላይ አነስተኛ ሰርቨር ማስነሣት ነው። ሦስተኛ፣ ፋይሉ ኬኤምዜድ ከሆነ የታመቀ ዚፕ ፋይል ስለሆነ ከማንበባችን በፊት መፈታት አለበት።

ደረጃ 2፦ ጽሑፉን ወደ ዛፍ መለወጥ። የመጣልን ረጅም የፊደላት ተርታ ነው። «ዶም ፓርሰር» የተባለው የብራውዘር መሣሪያ ይህን ተርታ ግንድና ቅርንጫፍ ወዳለው ዛፍ ይለውጠዋል። ግንዱ ሰነዱ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ፕሌስማርኮች ናቸው፤ ቅጠሎቹ ይዘቶቹ ናቸው። መሣሪያውን ስናዝዝ የጽሑፉ ዓይነት ኤክስኤምኤል መሆኑን መግለጽ አለብን። ኤችቲኤምኤል ነው ብንለው ትልልቁን የላቲን ፊደል ወደ ትንንሹ እየቀየረ የኤለመንቶቹን ስም ያዛባብናል፤ ኤክስኤምኤል ግን ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል። ፋይሉ ውስጥ ያልተዘጋ ምልክት ቢኖር ዶም ፓርሰር ሥራውን አያቋርጥም፤ ይልቁንም «ፓርሰር ኤረር» የሚል ኤለመንት ያለበት ሰነድ ይመልሳል። ይህ ኤለመንት መኖር አለመኖሩን መፈለግ የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው።

ደረጃ 3፦ ፕሌስማርኮችን መሰብሰብ። «ጌት ኤለመንትስ ባይ ታግ ኔም» የተባለው ትእዛዝ በአንድ ስም የሚጠሩ ኤለመንቶችን ሁሉ ይሰጠናል። በአንዳንድ ፋይሎች ግን እያንዳንዱ ስም ከፊቱ ቅድመ ቅጥያ ይኖረዋል፤ በዚህ ጊዜ ትእዛዙ ምንም አያገኝም። ስለዚህ «ኤንኤስ» የሚል ቅጥያ ያለውን፣ የስም ክልልን የሚያውቀውን የትእዛዙን ዓይነት መጠቀም ይመረጣል።

ደረጃ 4፦ በእያንዳንዱ ፕሌስማርክ ውስጥ ተጨማሪ መረጃውን መፈለግ። ፍለጋው ከሰነዱ ግንድ ሳይሆን ከፕሌስማርኩ መጀመር አለበት። ሰነዱም፣ ፎልደሩም፣ ፕሌስማርኩም «ኔም» የተባለ ኤለመንት ሊኖራቸው ስለሚችል ከግንዱ ብንጀምር የአንዱን ስም ለሌላው እንሰጣለን። የዚህ ደረጃ አካሄድ እንደሚከተለው ነው።

ለእያንዳንዱ ፕሌስማርክ፦
  ባዶ መዝገብ አዘጋጅ
  በውስጡ ላለ ለእያንዳንዱ «ዳታ»፦
    ስያሜ = የ«ኔም» አትሪቢዩት
    ይዘት = በውስጡ ያለው የ«ቫልዩ» ጽሑፍ
    መዝገቡ ላይ ስያሜውንና ይዘቱን ጻፍ
  በውስጡ ላለ ለእያንዳንዱ «ሲምፕል ዳታ»፦
    ስያሜ = የ«ኔም» አትሪቢዩት
    ይዘት = የራሱ ጽሑፍ
    መዝገቡ ላይ ስያሜውንና ይዘቱን ጻፍ

ልዩነቱን እናስተውል፤ በ«ዳታ» ይዘቱ ያለው በውስጠኛው «ቫልዩ» ሲሆን፣ በ«ሲምፕል ዳታ» ግን በራሱ በኤለመንቱ ነው። ጽሑፉን የምናገኘው «ቴክስት ኮንቴንት» በተባለው ባሕርይ ነው።

ደረጃ 5፦ ቦታውን ማንበብ። የኮኦርዲኔትስ ጽሑፍ ዙሪያውን ያሉት ክፍት ቦታዎች ከተወገዱ በኋላ በነጠላ ሰረዙ ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ኬንትሮስ፣ ሁለተኛው ኬክሮስ ይሆናል። ብዙ የካርታ መሣሪያዎች ኬክሮስን አስቀድመው ስለሚጠይቁ ከማስረከባችን በፊት ቅደም ተከተሉን ማረጋገጥ ይገባል።

የጎደለ መረጃና ዜሮ አንድ አይደሉም

እስከ አሁን ያነበብነው ሁሉ ፊደል ነው። ለእኛ «2.4» ቁጥር ቢመስለንም ለጃቫስክሪፕት የሦስት ምልክቶች ተርታ ነው። ወደ ቁጥር የሚለውጡት ሁለት የታወቁ መንገዶች «ነምበር» እና «ፓርስ ፍሎት» ናቸው። ሁለቱም ቁጥሩን ማግኘት ሲያቅታቸው «ናን» የሚባል ልዩ ምልክት ይመልሳሉ፤ ትርጉሙም «ቁጥር ያልሆነ» ማለት ነው። በተለያዩ ይዘቶች ላይ የሚሰጡትን ውጤት እናነጻጽር።

«2.4» የሚለውን ነምበር 2.4፣ ፓርስ ፍሎትም 2.4 ያደርገዋል።
ባዶ ይዘትን ነምበር 0 ያደርገዋል፤ ፓርስ ፍሎት ናን ያደርገዋል።
«1.8 ሚ.ግ.» የሚለውን ነምበር ናን፣ ፓርስ ፍሎት 1.8 ያደርገዋል።
«1,8» የሚለውን ነምበር ናን፣ ፓርስ ፍሎት 1 ያደርገዋል።
«፪» የሚለውን የግዕዝ ቁጥር ሁለቱም ናን ያደርጉታል።
«አልተለካም» የሚለውን ሁለቱም ናን ያደርጉታል።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን መስመር ደግመን እናንብበው። ላቦራቶሪው ውጤቱን ስላልላከ ባዶ የተተወ ቦታ በነምበር ሲለወጥ ዜሮ ይሆናል። «አናውቅም» የነበረው «ምንም ፍሎራይድ የለበትም» ወደሚል ተለወጠ ማለት ነው።

«እንግዲያው ፓርስ ፍሎትን ብንጠቀም ይሻላል» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህም አያድንም። ናን ከማንኛውም ቁጥር ጋር በታላቅነት ወይም በታናሽነት ሲነጻጸር መልሱ ሁልጊዜ «ሐሰት» ነው። ስለዚህ «ከ1.5 የሚበልጥ ከሆነ ቀይ፤ አለበለዚያ አረንጓዴ» ብለን ብንጽፍ፣ ያልተለካው ጉድጓድ «አለበለዚያ» ወደሚለው ይገባና አረንጓዴ ይሆናል።

በአራት ጉድጓዶች እንሞክረው። የጉድጓድ ሀ ይዘት «2.4»፣ የጉድጓድ ለ «0.9»፣ የጉድጓድ ሐ ባዶ፣ የጉድጓድ መ ደግሞ በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ልማድ በነጠላ ሰረዝ የተጻፈ «1,8» ይሁን። ከላይ ባለው ደንብ፣ በነምበርም ብንለውጥ በፓርስ ፍሎትም ብንለውጥ፣ ወይም ሳንለውጥ በቀጥታ ብናነጻጽር፣ ውጤቱ አንድ ነው፤ ሀ ቀይ ይሆናል፤ ለ፣ ሐ እና መ አረንጓዴ ይሆናሉ። ከሦስቱ አረንጓዴዎች ግን ቀለሙ የሚገባው ለ ብቻ ነው። ሐ ጨርሶ አልተለካም፤ መ ደግሞ የተለካው መጠን ከመመሪያው በላይ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ አልቆመም፤ የስሕተት መልእክትም አላሳየም፤ ካርታውም ያማረ ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ይዘት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ማስፈጸም ነው።

1. ኤለመንቱ ጨርሶ ከሌለ «አልተመዘገበም» በል።
2. ዙሪያውን ያሉትን ክፍት ቦታዎች አስወግድ፤ የቀረ ፊደል ከሌለ «አልተመዘገበም» በል።
3. በነምበር ለውጥ፤ ውጤቱ የተወሰነ ቁጥር ካልሆነ «አልተነበበም» በልና የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንዳለ አስቀምጥ።
4. ቁጥሩ ለመረጃው ዓይነት የማይቻል ከሆነ፣ ለምሳሌ ከዜሮ በታች የሆነ የፍሎራይድ መጠን፣ ይህንንም «አልተነበበም» በል።
5. ይህን ሁሉ ያለፈውን ብቻ ቁጥር ብለህ ተቀበል።

በዚህ ደንብ ሐ በግራጫ ቀለም «አልተመዘገበም»፣ መ ደግሞ በቢጫ ቀለም «አልተነበበም፦ 1,8» ተብለው ይታያሉ። ሰረዙን ነጥብ አድርገን በራሳችን ፈቃድ ያላስተካከልነው በምክንያት ነው። በአንዳንድ ሰነዶች ነጠላ ሰረዝ ሺዎችን ለመለየት ስለሚያገለግል ትርጉሙን ሊያረጋግጥ የሚችለው የመረጃው ባለቤት ብቻ ነው። ላቦራቶሪዎች «ከ0.1 በታች» ብለው የሚጽፉት ውጤትም በዚሁ ክፍል ይወድቃል፤ ይህ መረጃ ነው፣ ነገር ግን ቁጥር አይደለም።

በስኪማ የተጻፈ ፋይል የመረጃውን ዓይነት ስለሚያውጅ ከዚህ ሥጋት ነጻ ይመስላል። ነገር ግን ዶም ፓርሰር አዋጁን አይተረጉመውም፤ ሁሉንም እንደ ፊደል ያስረክባል። አዋጁን አንብቦ ሥራ ላይ ማዋል የእኛ ድርሻ ነው።

ስያሜዎች በአማርኛ ሲጻፉ

በኤክስኤምኤል የአማርኛ ይዘት መጻፍ ይቻላል። የኤለመንቶችን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ግን ለብዙ ጊዜ አልተፈቀደም ነበር። ኤክስኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ የተመሠረተበት የዩኒኮድ እትም የግዕዝን ፊደል ገና አላካተተም ነበር፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው። የኤክስኤምኤል 1.0 ደንብም በግዕዝ የተጻፉ የኤለመንት ስሞችን የፈቀደው በ2008 በወጣው አምስተኛ እትሙ ነው። በምሳሌያችን «ጥልቀት» እና «ፍሎራይድ» የተጻፉት በአትሪቢዩት ይዘትነት ስለሆነ ይህ ክልከላ ከመጀመሪያውም አይነካቸውም።

ሌላ ችግር ግን አለ። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው የተለያዩ ፊደላት አሉ። አንዱ መዝጋቢ «ዓመት» ሲል ሌላው «አመት» ይላል፤ አንዱ «ውኃ» ሲጽፍ ሌላው «ውሃ» ይጽፋል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ምንም ዝምድና የሌላቸው ምልክቶች ናቸው። ፕሮግራማችን «ዓመት» የሚለውን ስያሜ ሲፈልግ «አመት» ተብሎ የተጻፈውን አያገኘውም፤ ያላገኘውንም «አልተመዘገበም» ይለዋል። መረጃው እያለ የለም ተባለ ማለት ነው።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው ከማነጻጸራችን በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው መለወጥ። ይህ ለማነጻጸር ብቻ እንጂ ለማሳየት አይሁን፤ የጸሐፊው አጻጻፍ መከበር አለበት። ሁለተኛውና የተሻለው መፍትሔ ኬኤምኤል ራሱ ያዘጋጀው ነው። ለፕሮግራሙ የማይለወጥ አጭር ስያሜ ይሰጣል፤ ለሰው የሚታየው የአማርኛ መጠሪያ ደግሞ «ዲስፕሌይ ኔም» በተባለው ኤለመንት ይጻፋል። በዚህ ጊዜ የመጠሪያው አጻጻፍ ቢለያይም ፍለጋው አይሳሳትም።

ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ መቀመጡንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዚህ አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ፌች ጽሑፉን የሚፈታው በዚሁ አቀማመጥ ስለሆነ፣ በሌላ የተቀመጠ ፋይል የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል።

ያነበብነውን ማሳየትና ማረጋገጥ

ይዘቱን በገጹ ላይ ስናሳይ «ኢነር ኤችቲኤምኤል» በተባለው መንገድ ሳይሆን በ«ቴክስት ኮንቴንት» መጻፍ ይገባል። የመጀመሪያው በፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ጎጂ ትእዛዝ ካለ በተመልካቹ ብራውዘር ውስጥ እንዲፈጸም በር ይከፍታል፤ ሁለተኛው ግን ሁሉን እንደ ተራ ጽሑፍ ያሳያል። ፋይሉን ያዘጋጁት ሌሎች ሰዎች ከሆኑ ይህ ጥንቃቄ ግዴታ ነው።

በመጨረሻም ቆጠራ እናድርግ። በፋይሉ ውስጥ ያሉት ፕሌስማርኮች ብዛት፣ የቀይ፣ የአረንጓዴ፣ የግራጫና የቢጫ ነጥቦች ብዛት ሲደመር ከሚገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት። በምሳሌያችን 1፣ 1፣ 1 እና 1 ሲደመሩ 4 ይሆናሉ። ይህን ድምር ከካርታው ሥር ማስፈር ተመልካቹ ስንት ጉድጓድ እንዳልተለካ እንዲያውቅ ያደርገዋል። ግራጫ ነጥብ የበዛበት ካርታ ያላለቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቀጣዩ ናሙና ከየት መወሰድ እንዳለበት የሚያመለክተው እሱ ነው።

ማጠቃለያ

በካርታ ፋይል ውስጥ ያለን ተጨማሪ መረጃ ማንበብ በአምስት ደረጃዎች የሚጠናቀቅ ሥራ መሆኑን አይተናል። ከደረጃዎቹ ይልቅ የሚከብደው ባዶን ከዜሮ፣ ፊደልን ከቁጥር፣ «አልተገኘም»ን ከ«የለም» መለየት ነው። ኮምፒውተር ይህን ልዩነት በራሱ አያውቅም፤ የሚያስተምረው ፕሮግራመሩ ነው።

መልመጃ

1. የሁለት ጉድጓዶች ጥልቀት «120» እና «85» ተብሎ ተነብቧል። ወደ ቁጥር ሳንለውጥ በመደመር ምልክት ብናያይዛቸው ምን እናገኛለን?
2. አንድ ፕሮግራም የሁሉንም ጉድጓዶች ስም «የውኃ ጉድጓዶች» ብሎ አሳየ። የስሕተቱ መነሻ ምን ሊሆን ይችላል?
3. የአራቱን ጉድጓዶች አማካይ የፍሎራይድ መጠን ማስላት ብንፈልግ ለስንት ማካፈል አለብን?

መልስ

1. «12085» የሚል የፊደል ተርታ እናገኛለን፤ 205 አይደለም።
2. ፍለጋው ከፕሌስማርኩ ሳይሆን ከሰነዱ ግንድ ስለጀመረ የሰነዱን ወይም የፎልደሩን ስም ደጋግሞ ወስዷል።
3. ለ2። የተረጋገጠ ቁጥር ያላቸው ሀ እና ለ ብቻ ስለሆኑ አማካዩ 1.65 ነው፤ «ከ4 ጉድጓዶች በ2ቱ ላይ የተመሠረተ» ተብሎም መገለጽ አለበት። ሐን በዜሮ ቆጥረን ለ3 ብናካፍል 1.1 እናገኝ ነበር፤ ይህም ከመመሪያው በታች ስለሆነ አሳሳች ውጤት ይሆናል።